አክራ ላይ መብራት የጠፋ ጊዜ

ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት በጥቁር ባሕር ዳር በምትገኘው የዩክሬን የወደብ ከተማ፣ በኦዴሳ፣ ቢሮ ነበረው። የቢሮው የፋይናንስ ኃላፊ የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያዎች አንድ የሒሳብ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንዲጭኑላቸው ጠየቁ። ፕሮግራሙ ኤም.ኢ.ዶክ ይባላል። የሚሠራው ኪየቭ ውስጥ ያለ ሊንኮስ ግሩፕ የሚባል፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው አነስተኛ ኩባንያ ነው። ዩክሬን ውስጥ ነግዶ ግብር የሚከፍል ሁሉ ከሞላ ጎደል ይጠቀምበት ነበር። ጥያቄው ተገቢ፣ ሥራውም ቀላል ነበርና ፕሮግራሙ ተጫነ።

በዚያች አንድ ኮምፒውተር በኩል የገባው ቫይረስ ሜርስክን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር አክስሮታል።

ስለ ሳይበር ጥቃት ወሬ በተነሣ ቁጥር ከድርጅት ኃላፊዎች አፍ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፤ «እኛን ደግሞ ማን ብሎ ይፈልገናል?» የሚል። ሜርስክንም ማንም አልፈለገውም። ቫይረሱን የለቀቁት ሰዎች ያነጣጠሩት ዩክሬን ላይ ነበር፤ የመርከብ ድርጅቱ የወደቀው ከዩክሬን የግብር አከፋፈል ጋር በአንድ ክር ስለተያያዘ ነው። በእኔ ግምት የዛሬ ተቋማት ከምንም በላይ ሊፈሩት የሚገባው ይህን ነው። ጠላት ባይኖርህም የምታምናቸው አሉ፤ ሶፍትዌር የሚሸጥልህ፣ ከሩቅ ሆኖ ሲስተምህን የሚጠግንልህ፣ ሒሳብህን የሚሠራልህ። እነሱ በተመቱ ጊዜ አንተም አብረህ ትመታለህ።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ግን ከሜርስክ በፊት ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ተለይተው ካልተገለጹ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲሴምበር 23 ቀን 2015፣ ምዕራብ ዩክሬን። በኢቫኖ-ፍራንኪቭስክ ግዛት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ድርጅት የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተረኞቹ ሥራ ላይ ናቸው። ከመካከላቸው የአንዱ የኮምፒውተር ቀስት ሳይነካው መንቀሳቀስ ጀመረ። ማውሱን ያዘ፤ ቀስቱ አልታዘዝ አለው። ቀስቱ ከአንድ የማከፋፈያ ጣቢያ ብሬከር ላይ ሄዶ ቆመ፤ ማረጋገጫ የሚጠይቅ ሳጥን ብቅ አለ፤ ቀስቱ ማረጋገጫውን ተጫነ። ብሬከሩ ወረደ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ጣቢያ ሄደ። ተረኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የገዛ ግዛቱ መብራት ተራ በተራ ሲጠፋ ያያል፤ ማድረግ የሚችለው ነገር የለም። ገብቶ ሊያስቆም ቢሞክር ሲስተሙ አስወጣው፤ ተመልሶ እንዳይገባም የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ቆየው።

በዚያ ቀን ሦስት የማከፋፈያ ድርጅቶች ተመቱ፤ ወደ 225 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች በክረምት ብርድ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ያለ መብራት ቆዩ። ጥቃቱ የተሸረበው ከወራት በፊት ነበር። ለሠራተኞች ኢሜይል ተላከ፤ ከኢሜይሉ ጋር የተያያዘ የዎርድ ወይም የኤክሴል ሰነድ ነበረ፤ ሰነዱ ሲከፈት «ይዘቱን ለማየት እዚህ ይጫኑ» ዓይነት መልእክት አሳየ፤ የሆነ ሰው ተጫነው። ከዚያ በኋላ ሰርጎ ገቦቹ ሳይቸኩሉ ወራት ሙሉ የድርጅቶቹን አሠራር ሲያጠኑ ከረሙ። ቀኑ ሲደርስ ብሬከር በማውረድ ብቻ አላበቁም። መብራት ሲጠፋ የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹን የሚረዳውን መጠባበቂያ ባትሪ አስቀድመው አጥፍተውት ስለነበር ተረኞቹ ራሳቸው በጨለማ ቀሩ። ደንበኞች እንዳያመለክቱ የጥሪ ማዕከሉን ስልክ በሐሰት ጥሪ አጥለቀለቁት። ብሬከሮቹን ከርቀት የሚያዝዙትን መሣሪያዎች ውስጣዊ ፕሮግራም ደምስሰው የማይረቡ ዕቃዎች አደረጓቸው።

መብራቱ እንዴት ተመለሰ? ሠራተኞች መኪና እየነዱ ወደየጣቢያው ሄዱና ብሬከሮቹን በእጃቸው መለሷቸው። የዩክሬን የኤሌክትሪክ መረብ ብዙው ከሶቪየት ዘመን የቀረ ነው፤ በኮምፒውተር እንዲሠራ የተደረገው በኋላ ነው። የእጅ ማዞሪያው አልተነቀለም፤ ማዞር የሚያውቁትም ሰዎች ገና ጡረታ አልወጡም ነበር። በወቅቱ ጉዳዩን የመረመሩ የአሜሪካ ባለሙያዎች የበለጠ ዘመናዊ በሆነ መረብ ላይ ማገገሙ ይህን ያህል ላይቀል እንደሚችል ሳይናገሩ አላለፉም።

ከዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2016፣ ኪየቭ ዳር ያለ ጣቢያ ተመታና የከተማው አንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት ያህል ጨለመ። ከሁለቱም ጀርባ ያለው አንድ ቡድን ነው። አሜሪካ ኦክቶበር 2020 ላይ ባቀረበችው ክስ ስድስት የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን በስም ጠርታ፣ ሁለቱንም የመብራት ጥቃቶችና አሁን ወደምንሄድበት ነገር የፈጸሙ እነሱ ናቸው ብላለች። ሩሲያ ታስተባብላለች።

2017 ላይ እንምጣ። ያን ዓመት ዓለምን ያናወጠው መሣሪያ የተሠራው በአሜሪካው ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው በዊንዶውስ ውስጥ አንድ ቀዳዳ አግኝቶ ለስለላ ሥራው በምስጢር ይዞት ነበር፤ ለመሣሪያው ያወጣለት ስም ኢተርናልብሉ ነው። መሣሪያው ተሰረቀ። ማይክሮሶፍት ማርች 14 ላይ ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ለቀቀ፤ ኤፕሪል 14 ላይ ሻዶው ብሮከርስ ነን የሚሉ ሰዎች መሣሪያውን ለማንም እንዲሆን ኢንተርኔት ላይ በተኑት። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሜይ 12 ቀን፣ ዋናክራይ የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ይህንኑ ቀዳዳ ተጠቅሞ ዓለምን አዳረሰ። በእንግሊዝ ከ236 የሕዝብ ጤና ተቋማት ቢያንስ 81ዱ ተነኩ፤ በግምት 19 ሺህ የሐኪም ቀጠሮ ተሰረዘ። ማሻሻያው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። አልተጫነም፣ በቃ።

ስለ ዋናክራይ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ቶሎ ማለፍ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከእሱ የሚገኘው ትምህርት «ማሻሻያ ጫኑ» የሚል ነው። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ የመጣው ግን በማሻሻያው ውስጥ ተሸሽጎ መጣ።

ሊንኮስ ግሩፕ ለደንበኞቹ የኤም.ኢ.ዶክን ማሻሻያ በየጊዜው ይልካል። ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ከተላኩት ማሻሻያዎች አንዳንዶቹ ውስጥ የጓሮ በር ተሠርቶባቸው ነበር፤ የኩባንያው ሰዎች አያውቁም። ኤሴት የሚባለው የስሎቫኪያ የደህንነት ኩባንያ በኋላ ሲመረምር ያገኘው ዝርዝር ይገርማል። የጓሮ በሩ ፕሮግራሙ የተጫነበትን ድርጅት ሕጋዊ የምዝገባ ቁጥር እየለቀመ ለሰርጎ ገቦቹ ይልክ ነበር። የሒሳብ ፕሮግራም ስለሆነ ቁጥሩ እዚያው አለ። ስለዚህ የትኛው ኮምፒውተር የየትኛው ባንክ፣ የትኛው የየትኛው ሚኒስቴር እንደሆነ አንድ በአንድ ለማወቅ በቂ መረጃ በእጃቸው ነበር። መርጠው መምታት ይችሉ ነበር ማለት ነው። አልመረጡም።

ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በእነሱ ጁን 27 ቀን 2017፣ ዩክሬን የሕገ መንግሥት ቀኗን ልታከብር አንድ ቀን ሲቀራት ጥቃቱ ተለቀቀ። ኖትፔትያ የሚል ስም የወጣለት ቫይረስ አንዴ ከገባ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ኢተርናልብሉ ነው፤ ማሻሻያ ያልጫነ ኮምፒውተር ሲያገኝ በዚያ ይገባል። ሌላው ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ የይለፍ ቃሎችን መልቀም ነው። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ካገኘ ደግሞ ማሻሻያውን በሚገባ የጫነውም ኮምፒውተር አይተርፍም፤ በሕጋዊ ቁልፍ ተከፍቶ ይገባበታል። አንድ የዩክሬን ትልቅ ባንክ መረቡ በሙሉ በ45 ሰከንድ ወድቋል።

ስክሪኑ ላይ 300 ዶላር በቢትኮይን የሚጠይቅ ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ማስመሰያ ነው። የተቆለፈውን የሚከፍት ቁልፍ የለም፤ ተጠቂው እንዲልክ የሚጠየቀው መለያ ቁጥር በዘፈቀደ የወጣ ትርጉም የለሽ ፊደል ነበር። የከፈሉ ሰዎች ገንዘባቸው ቀለጠ። ቤዛ ጠያቂ መስሎ የመጣ፣ ማጥፋት ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ነበር።

ዩክሬን ውስጥ ባንኮች ተዘጉ፤ የካርድ ክፍያ ቆመ፤ ኤርፖርት፣ ሆስፒታል፣ የባቡር ድርጅት፣ ፖስታ ቤት ተመታ። ቼርኖቢል ላይ የጨረራ መጠን የሚለኩት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ስለጠፉ ሠራተኞች በእጅ መለኪያ ይዘው ወጡ።

የሚያሳዝነውም የሚያስገርመውም ግን የድንበሩ ነገር ነው። ዩክሬን ውስጥ ቅርንጫፍ ያላቸው የውጭ ድርጅቶች ከዋናው መሥሪያ ቤታቸው ጋር በመረብ የተገናኙ ናቸው፤ ቫይረሱም ያንን መረብ ተከትሎ ነጎደ። የአሜሪካው መድኃኒት አምራች መርክ 870 ሚሊዮን ዶላር፣ ፌዴክስ ቲኤንቲ በተባለው የአውሮፓ ቅርንጫፉ በኩል 400 ሚሊዮን፣ የፈረንሳዩ የግንባታ ዕቃ አምራች ሴንት ጎባን 384 ሚሊዮን ከሰሩ። መርክ አንድ ክትባት ማምረት ስላቃተው ከአሜሪካ መንግሥት ክምችት ተበድሯል። ዋይት ሐውስ የጠቅላላውን ኪሳራ ግምት 10 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል።

ከነዚህ ሁሉ ግን ሜርስክ ላይ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የሆነውን በኋላ ከሞላ ጎደል ራሱ ተናግሯል፤ ጋዜጠኛ አንዲ ግሪንበርግም ሠራተኞቹን አነጋግሮ ዝርዝሩን ጽፎታል።

በዚያን ጊዜ ሜርስክ ከዓለም የመርከብ ጭነት አቅም አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ይዞ ነበር። ኮፐንሃገን ባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ስክሪኖች ተራ በተራ ሲጠቁሩ ሠራተኞች ከክፍል ክፍል እየሮጡ «ንቀሉ! አጥፉ!» ይሉ ጀመር። ስብሰባ ላይ ያሉ ሰዎች ዘንድ ገብተው ኮምፒውተር ከሶኬቱ ይነቅሉ ነበር። ዓለም አቀፉን መረብ ሙሉ በሙሉ ለመቁረጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ያን ጊዜ ደግሞ አልቋል። የጠረጴዛ ስልኮቹ እንኳ በዚያው መረብ ላይ ስለነበሩ ሞቱ። ሠራተኞች ወደ ቤታችሁ ሂዱ ተባሉ፤ ምን ይሥሩ?

ባሕር ላይ ያሉት መርከቦች ራሳቸው አልተነኩም። የወደቡ ተርሚናሎች ግን፣ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሮተርዳም እስከ ሙምባይ፣ ከ76ቱ 17ቱ ቆሙ። ኒው ጀርሲ በሚገኘው የኤልዛቤት ተርሚናል በር ላይ የጭነት መኪኖች ለኪሎ ሜትሮች ተሰለፉ፤ በሩ አይከፈትም፤ የሚያስረዳም የለም። መርከብ ሲደርስ የትኛው ኮንቴይነር የማን እንደሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገረው ፋይል የለም። ኮንቴይነሩ ዓይን ፊት ቆሟል፤ ከሌላው ሺህ ኮንቴይነር ምንም አይለየውም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃው እስኪደርስ ሲጠብቅ የከረመ አስመጪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ አክራ።

እንደ ሜርስክ ባለ ድርጅት ውስጥ ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባሉ ሰርቨሮች አሉ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እንደማለት ናቸው፤ ማን ሠራተኛ እንደሆነ፣ ማን የትኛውን ክፍል መክፈት እንደሚፈቀድለት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መዝገብ ቤቱ ከተቃጠለ ሌላው ሁሉ ቢተርፍም ማንም ምንም መክፈት አይችልም። ሜርስክ ይህንን ያውቅ ስለነበር አንድ አልነበረውም፤ በዓለም ዙሪያ ወደ 150 የሚጠጉ ነበሩት፤ ሁሉም ያለማቋረጥ አንዱ የሌላውን ይገለብጣል። አንዱ ቢበላሽ ከሌላው ይቀዳል። አሠራሩ አንዱ ሕንፃ ቢቃጠል፣ አንዱ አገር ጎርፍ ቢመታው ታስቦ የተሠራ ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት አንድ ላይ ይጠፋሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ጠፉ። የሌሎች ሰርቨሮች መጠባበቂያ ቅጂ ተገኘ፤ የመዝገብ ቤቱ ግን የትም የለም።

ለንደን አጠገብ ሜደንሄድ በምትባል ከተማ የተቋቋመው የማገገሚያ ቡድን በየአገሩ ላሉ የኮምፒውተር ክፍሎች እየደወለ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ አንድ አገኘ፤ ጋና። አክራ ያለው ቢሮ ከጥቃቱ በፊት መብራት ጠፍቶበት ሰርቨሩ ከመረቡ ተቋርጦ ነበር። ቫይረሱ ሲዞር እሱ ጨለማ ውስጥ ነበረ። መዝገቡ አልተነካም።

የኤሌክትሪክ ኃይል ፈረቃን የኖረበት ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ እኔም ብያለሁ። ከመብራት መጥፋት ተጠቅሜያለሁ የሚል ድርጅት ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

የቀረው ደግሞ ለአፍሪካዊ አንባቢ ሌላ ፈገግታ ነው። ከአክራ ወደ እንግሊዝ ፋይሉን በኢንተርኔት ለመላክ ተሞከረ፤ መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ቀናት ይፈጃል። በሚቀጥለው አውሮፕላን ሰው ይዞት ይምጣ ተባለ፤ ከጋናው ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ የጋና ሠራተኛ ሀርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ ኤርፖርት ላይ ለሌላ የሜርስክ ሰው አስረከበ፤ ያም ሰው ስድስት ሰዓት ተኩል በርሮ ለንደን አደረሰው። የዓለም የመርከብ ጭነት አቅም አንድ አምስተኛ የሚጠጋው በቪዛ ምክንያት በሁለት ሰው እጅ ተቀባበለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በአስር ቀን 4 ሺህ ሰርቨር፣ 45 ሺህ ኮምፒውተር፣ 2,500 ፕሮግራም እንደገና መትከል ነበር። የድርጅቱ ሊቀመንበር ጂም ሐገማን ስናቤ ጃኑዋሪ 2018 ላይ ዳቮስ ቀርበው ይህንን ቁጥር ሲናገሩ፣ በነዚያ ቀናት ሠራተኞቹ በእጅ እየሠሩ ሥራው የቀነሰው በ20 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑንም ገልጸዋል። የእጅ ሥራው ምን እንደነበረ የሠራተኞቹ ወሬ ይነግራል፤ ትእዛዝ በግል ጂሜይልና በዋትስአፕ መቀበል፣ ኮንቴይነር ላይ ወረቀት መለጠፍ።

ለመሆኑ ማንም አላስጠነቀቀም? አስጠንቅቋል፤ ይህም የታሪኩ በጣም የታወቀ ዓይነት ክፍል ነው። ከጥቃቱ በፊት የድርጅቱ የደህንነት ባለሙያዎች አንዳንድ ሰርቨሮች በዊንዶውስ 2000 እንደሚሠሩ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመ ዓመታት እንዳለፉት፣ መረቡም አንዱ ክፍል ሲመታ ሌላው እንዳይነካ ተከፋፍሎ እንዳልተሠራ ተናግረው ነበር። የማስተካከያ ዕቅድ ጸደቀ፤ በጀት ተመደበለት። ግን የከፍተኛ ኃላፊዎቹ የሥራ አፈጻጸም የሚለካበት መስፈርት ውስጥ አልገባም። ዕቅዱን ቢፈጽሙት ጉርሻቸው አይጨምርም፤ ባይፈጽሙትም አይቀነስም። ስለዚህ ተኛ። ሀኪንግ የሚባለው ነገር ጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ጎበዝ ወጣቶች ጥበብ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ያሳፍራል፤ ግማሹ ጥበብ የጉርሻ ሠንጠረዥ ነው።

የኢትዮጵያ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጁን 2020፣ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት ሰሞን፣ ያኔ ኤጀንሲ የነበረው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ሳይበር ሆረስን ጨምሮ መነሻቸው ግብፅ የሆኑ ቡድኖች ያደረጉትን የጥቃት ሙከራ እንዳከሸፈ አስታወቀ። ወሬው ብዙ አነጋገረ፤ ማነጋገሩም ተገቢ ነው። ግን ስሙን አውጆ፣ ዓላማውን ተናግሮ ድረ ገጽ ላይ የሚመጣ ጠላት ከኤም.ኢ.ዶክ ዓይነቱ ይሻላል። እዚህ የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ሲወጣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የመሥራት ችሎታ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ስንቱ መሥሪያ ቤት ያለው ኮፒ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ፈቃድ የሌለው፣ «እንዳይጠይቅ» የተሰበረ እንደሆነ ሒሳብ የሚሠሩ ሁሉ ያውቃሉ። የተሰበረ ፕሮግራም የሰበረው ሰው አለ። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከመስበሩ ሌላ ምን እንደጨመረበት የመሥሪያ ቤቱ ኦዲተር አይጠይቅም፤ የፋይናንስ ኃላፊውም አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ ግን ደሞዝ የሚከፈልበት፣ የባንክ ማዘዣ የሚወጣበት፣ ግብር የሚታወቅበት ነው።

የማሻሻያ ነገርም ሌላ ጣጣ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት መቻላቸውን አወቁ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲዳረስ ኤቲኤም ሁሉ ተሰለፈበት። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ ችግሩ የመጣው በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት ነበር። ያለ አግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 19 ቀን ክራውድስትራይክ፣ ኮምፒውተሮችን ከጥቃት የሚጠብቅ ኩባንያ፣ አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ልኮ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር በአንድ ጠዋት አስተኛ፤ አውሮፕላን ከመሬት አልነሣ አለ፤ ሆስፒታሎች ቀዶ ጥገና አዘገዩ። በሁለቱም ውስጥ ሰርጎ ገብ የለም። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ከታመነ ቦታ የሚመጣ ፋይል ሳይፈተሽ በቀጥታ ወደ ልብ ይገባል።

ታዲያ ማሻሻያ አይጫን? ይጫን። ዋናክራይ ላልጫነው ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ማድረግ የሚቻለው መጀመሪያ በጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ ሞክሮ፣ ቀን አሳልፎ ወደ ቀሪው ማዛመት ነው፤ ትልልቅ ተቋማት ይህን ያውቁታል፤ የሚያደርጉት ግን ሁሉም አይደሉም። የሒሳብ ኮምፒውተሩ የመብራት መቆጣጠሪያውን ወይም የባንኩን ዋና ሲስተም ከማያይበት ቦታ እንዲቀመጥ መረቡን መከፋፈል ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሥራውንም ያዘገያል፤ ስለዚህ ይዘገያል። በጣም ርካሹና በጣም የሚዘነጋው ሦስተኛው ነው፤ ከመረብ የተነቀለ መጠባበቂያ ቅጂ። ሁልጊዜ የተገናኘ መጠባበቂያ ከዋናው ጋር ይሞታል፤ የሜርስክ 150 ሰርቨሮች እንደሞቱት። በየሳምንቱ ተቀድቶ፣ ተነቅሎ፣ ካዝና ውስጥ የሚቆለፍ ሀርድ ዲስክ ለመብራት መጥፋት ዕድል የማይተው አክራ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ አውጥቶ እውነት ይሠራል ወይ ብሎ መሞከር ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ቅጂዎች ባዶ መሆናቸው የሚታወቀው በተፈለጉ ቀን ነውና።

ከኢቫኖ-ፍራንኪቭስክ ደግሞ የምይዘው ሌላ ነገር ነው። የእጅ ማዞሪያው። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር፣ የቀበሌ መታወቂያ በፋይዳ ሲተካ፣ ክፍያ ሁሉ በቴሌብርና በባንክ አፕ ሲሆን የድሮው አሠራር አብሮ ይጣላል፤ የሚያውቁትም ሰዎች ጡረታ ይወጣሉ። ወረቀቱ ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ ወረቀት የራሱ ሌባ አለው። ሲስተም በወረደ ቀን ነርሷ መድኃኒቱን በምን ላይ እንደምትጽፍ፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ ስንት ብር ድረስ በማን ፊርማ መክፈል እንደሚችል አስቀድሞ የተጻፈና ሠራተኞች የተለማመዱት ነገር አለ ወይ ነው ጥያቄው። አብዛኛውን ጊዜ ያለው «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ነው።

የቀረው የክፍያ ጉዳይ ነው፤ ይህን ያህል ኪሳራ ማን ይሸከመዋል?

መርክ ኢንሹራንስ ነበረው። ጉዳቱን ከላይ ከጠቀስኩት 870 ሚሊዮን አስበልጦ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ። የመድን ድርጅቶቹ አንከፍልም አሉ። ክርክራቸው እንዲህ ነው፤ ቫይረሱን የለቀቀው የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ነው ተብሏል፤ ይህ ጦርነት ነው፤ ውሉ ደግሞ የጦርነትን ጉዳት አይሸፍንም። መርክ በበኩሉ ኒው ጀርሲ ተቀምጬ መድኃኒት ስሠራ የደረሰብኝ ነው፤ ጦርነት ውስጥ አይደለሁም አለ። የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት ለመርክ ፈረደ፤ ውሉ ላይ ያለው የጦርነት አንቀጽ ከሠራዊትና ከጦር መሣሪያ ጋር የተያያዘ ፍልሚያን የሚመለከት ነው፣ የመድን ድርጅቶቹ ሳይበርንም ማካተት ቢፈልጉ ኖሮ በጊዜው ቃሉን ማሻሻል ይችሉ ነበር አለ። ይግባኝ ሰሚው በሜይ 2023 አጸናው፤ በጃኑዋሪ 2024 ተዋዋዮቹ ከፍርድ ቤት ውጪ ታረቁ፤ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ አልተነገረም።

የመድን ድርጅቶች ግን ምክሩን ሰምተዋል። የለንደኑ ሎይድስ ገበያ ከማርች 31 ቀን 2023 ጀምሮ የሚገቡና የሚታደሱ የሳይበር መድን ውሎች፣ በመንግሥት የተደገፈ ጥቃት የሚያደርሰውን ከባድ ጉዳት ከሽፋን ውጪ የሚያደርግ አንቀጽ እንዲኖራቸው አዘዘ። ጥቃቱ በመንግሥት መደገፍ አለመደገፉ እንዴት እንደሚታወቅም ውሉ ራሱ እንዲገልጽ ጠየቀ። መርክ የተከራከረው በድሮው አጻጻፍ ነው።